ታካሚ እስኪለምደን ስንት ወር እንቆያለን?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በወግዲ፣ በመካነ ሰላም፣ በከላላ፣ በአቀስታ፣ ወዲያም በአማራ ሳይንት ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ አድምጡን።

የዛሬው ጨዋታችን የግል ክሊኒክ ለመክፈት ለሚያስቡ የጤና ባለሙያዎች ነው። ግን ገበሬውም ነጋዴውም ሬዲዮውን እንዳይዘጋብን። ለምን? ክሊኒክ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ገንዘብ የሚጠይቀው ወንድሙን፣ እህቱን፣ አማቱን ነው። ከፋዮቹ እናንተው ናችሁና ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

እስቲ አንድ ጤና መኮንን በሐሳባችን እንሳል። ስም አንሰጠውም። በወግዲ ወረዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። አገሬው ጤና መኮንን አይለውም፤ «ዶክተር» ነው የሚለው። እቁብ ደርሶታል። ሳውዲ ያለች እህቱም ያጠራቀመችውን ልትልክለት ቃል ገብታለች። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ የጻፈው ምን ይመስላችኋል?

(አጭር ዝምታ)

ማይክሮስኮፕ። ቀጥሎ የመመርመሪያ አልጋ፣ የዕቃ መቀቀያ አውቶክሌቭ፣ የደም ማሽከርከሪያ ሴንትሪፊውጅ፣ ፍሪጅ፣ ጠረጴዛ፣ የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር። እጁ እየሞቀ ሲሄድ አልትራሳውንድም ጨመረ። ደመረና «ይህን ያህል ብር ካገኘሁ ክሊኒክ አለኝ» አለ።

የለህም፣ ወንድሜ። ወረቀቱ ላይ ያለው በሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። የቀረው በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ነው። ዛሬ ከያዝነው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይችን ጥያቄ ያዙልኝ፦ ታካሚ እስኪለምደኝ ድረስ ስንት ወር በራሴ ገንዘብ መቆየት እችላለሁ?

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አቅራቢ፦ በሩን ከመክፈት እንጀምር፤ እሱም ቢሆን ያልተጻፈ ወጪ አለበት።

ክሊኒክ ደረጃ አለው። የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒክ አለ፣ መካከለኛ ክሊኒክ አለ፣ ልዩ ክሊኒክ አለ። የክፍሉ ብዛት፣ የባለሙያው ዓይነት፣ የመሣሪያው ዝርዝር በአገር አቀፍ መስፈርት ተወስኗል። ቤት ከመከራየታችሁ፣ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳችሁን ጤና ጽሕፈት ቤት «ለምፈልገው ደረጃ መስፈርቱን ስጡኝ» በሉ። ወረቀቱን ውሰዱ፣ አንብቡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ገበያ የሚኬደው።

ይህን የምለው ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ቤት ያገኛል። ዋናው መንገድ ዳር ነው፣ ኪራዩም ደህና ነው፤ ደስ ብሎት ቀብድ ይከፍላል። ኋላ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክፍሉ አይበቃም፣ ግድግዳው አይታጠብም፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ የለም፣ የመርፌና የቆሻሻ ማቃጠያ ቦታ የለም ይባላል። በእኛ ከተሞች ደግሞ ለኪራይ የሚገኘው ቤት አብዛኛው የጭቃ ነው። ሊሾው፣ ቀለሙ፣ ቧንቧው በማን ኪስ ይሠራል? በተከራዩ። ቤቱ የማን ነው? የአከራዩ። አሳምራችሁ ስትጨርሱ አከራዩ በዓመቱ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ልቀቁ» ቢልስ?

እንግዲህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ይሁን፣ ለዕድሳት ያወጣችሁት ከኪራዩ ላይ ይታሰብ እንደሆነም ይጻፍበት። አከራዩ የክርስትና አባታችሁ ቢሆኑ እንኳ ይጻፍ። እንዲያውም ያኔ ይበልጥ ይጻፍ።

ሌላም አለ። ቤቱን በተከራያችሁበት ቀንና የመጀመሪያውን ታካሚ በምታዩበት ቀን መካከል ጊዜ አለ። ዕድሳቱ፣ ቁጥጥሩ፣ የሙያ ፈቃዱ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ክሊራንስ፣ ንግድ ምዝገባው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ንግድ ፈቃዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኪራዩ ይቆጥራል፤ የሚመጣ ብር ግን የለም። የጤና መኮንናችን ወረቀት ላይ ይህ ነበር? አልነበረም።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በሩ ተከፈተ፣ ምልክቱም ተሰቀለ። በየወሩ ምን ይወጣል?

ቁጥሩን ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ለምሳሌ እንዲመቸን የወሰድነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ለኪራይ 5 ሺህ ብር እንበል። ለላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ለነርሷና ለጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ በድምሩ 20 ሺህ ብር። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ደግሞ አሠሪው ከደመወዙ ከመቶ 11 ይከፍላል፤ ሠራተኛው ከመቶ 7። የአሠሪው ድርሻ በዚህ ደመወዝ ላይ 2 ሺህ 200 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚረሳት ይችን ናት፤ ትዝ የምትለው ቅጣት ሲመጣ ነው። ለመብራት፣ ለውኃና መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተር ነዳጅ 3 ሺህ 800። ለጓንት፣ ለመርፌ፣ ለላቦራቶሪ ሪኤጀንት 9 ሺህ። ስንደምረው 40 ሺህ ብር ይመጣል።

የቀረ ነገር አለ? አስቡ እስቲ።

(አጭር ዝምታ)

አዎ፤ ዶክተሩ ራሱ! የመንግሥት ደመወዙን ትቶ የወጣው ሰው ምን ይበላል? የልጆቹ ደብተር፣ የቤቱ ጤፍ፣ ዕድሩ ከየት ይመጣል? የቤቱን ወጪ በክሊኒኩ ሂሳብ ውስጥ ያልጻፈ ሰው ወጪው አይቀርለትም። ከመሳቢያው እየመዘዘ ይከፍላል፤ ኋላ «ብሩ የት ገባ?» ይላል። ስለዚህ ለቤቱ 12 ሺህ ብር እንጨምርለት። አሁን 52 ሺህ ደረስን።

ቀጥሎ ገቢውን እንይ። አንድ ታካሚ ለካርድና ለምርመራ በአማካይ 200 ብር ከፈለ እንበል፤ ክሊኒኩም በወር 26 ቀን ይሠራል። ለ40 ሺህ ብር በቀን ስምንት ያህል ታካሚ ያስፈልጋል። ለ52 ሺህ ብር አሥር። ልዩነቱ ሁለት ሰው ነው፤ ግን በየቀኑ የሚመጡት እነዚያ ሁለት ሰዎች ናቸው የዶክተሩን ልጆች የሚያበሉት።

በቀን አሥር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይመጣል? አይመጣም። ዶክተሩ በአገሩ ቢታወቅም ሰው ያወቀው በጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር በቀን ሦስት ሰው መጣ እንበል፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው አምስት፤ እንዲህ እያለ በየወሩ አንድ ሰው ቢጨምር አሥር የሚሞላው በስምንተኛው ወር ነው። እስከዚያ ያሉት ሰባት ወራት በሙሉ ጎዶሎ ናቸው። ጎዶሎውን ስንሰበስበው 145 ሺህ 600 ብር ይሆናል። ታካሚ ሲያንስ ጓንቱና ሪኤጀንቱም ትንሽ ይቀንሳል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን አይቀንሱም።

ልድገመው። ማይክሮስኮፑ ተገዝቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ካለቀ በኋላ ሌላ 145 ሺህ ብር ገደማ በእጅ መኖር አለበት። ይህ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። የሥራ ማስኬጃ ነው። ከሌለ ክሊኒኩ በአራተኛው ወር የላቦራቶሪ ባለሙያውን ያጣል፤ በአምስተኛው ሪኤጀንት ይጨርሳል፤ ታካሚ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ «ዛሬ ምርመራ የለም» ከተባለ ዳግመኛ አይመጣም።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አቅራቢ፦ እስካሁን የተናገርነው ለናዝሬትም ለሐዋሳም ይሠራል። አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ወግዲ በአንድ ወገን ደጋ ነው፤ ወደ ዓባይ ስትወርዱ ቆላ ነው። ቆላው ላይ ወባ የሚበረታው መቼ ነው? ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ገበሬው ብር የሚይዘው መቼ ነው? እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያ ከወጣ በኋላ፤ ከታኅሣሥ ገፋ ብሎ እስከ ሠርጉ ወራት።

አያችሁት? ሕመሙ ቀድሞ ይመጣል፣ ብሩ ዘግይቶ ይደርሳል። እኔ በበኩሌ በአካባቢያችን ክሊኒክ ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የሂሳብ ነገር አላውቅም። በመስከረም ክሊኒኩ በሰው ሊሞላ ይችላል፤ መሳቢያው ግን ባዶ ነው። እስቲ ይህን አድምጡ።

(የበር ድምፅ፤ የሰው ሳል)

ሽማግሌ፦ ዶክተር፣ እንዴት አደርክ ልጄ? ይኼ የልጅ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አደረ።

ዶክተር፦ እንደምን አደሩ አባቴ፤ ያምጡት፣ እዚህ ያስቀምጡት። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሽማግሌ፦ ከትናንት በስቲያ። ብቻ ልጄ… እጄ ላይ የለኝም። ጤፉ ገና አልታጨደም። ሲወቃ አመጣልሃለሁ፤ አባትህን አውቃቸዋለሁ።

ዶክተር፦ ኧረ ምንም አይደለም አባቴ፤ መጀመሪያ ልጁ ይታይ።

(ድምፁ ይርቃል)

አቅራቢ፦ ዶክተሩ ልክ ነው። የሚያተኩሰውን ሕፃን ማንም አይመልስም። ጥያቄው ያ ዱቤ በበጀቱ ውስጥ ነበር ወይ የሚለው ነው። የማይመለስ ዱቤ እንደሚኖር አስቀድሞ የሚገምት ሰው «በየወሩ ይህን ያህል ድረስ በዱቤ እሠራለሁ» ብሎ ይወስናል። መዝገብ ይይዛል፤ ስም፣ ቀን፣ ብር። ጥር ላይ መዝገቡን ከፍቶ ያስታውሳል። የማይገምት ሰው ግን ሁሉን እሺ ይልና ኅዳር ላይ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል።

የአገር ልጅ መሆን ሁለት ጎን አለው። ታካሚው አምኖ የሚመጣው «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ነው፤ ዱቤ የሚጠይቀውም በዚያው ምክንያት ነው። ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ አበልጁ በር ላይ ሲቆሙ ዋጋ መናገር ያሳፍራል። አንድ ነገር ይረዳል፦ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ዶክተሩ አይሁን። ዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትቀበል፣ ደረሰኝ ትቁረጥ።

ስለዚህ ክሊኒኩ በየትኛው ወር ይከፈት? ፈቃዱ በእጃችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጎዶሎ ወራት ገበሬው ብር ከያዘበት ጊዜ ጋር ማገናኘቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ታኅሣሥ ወይ ጥር። ሐምሌ ላይ የከፈተ ሰው ጭቃውን፣ የመንገዱን መበላሸት፣ የእህሉን ማለቅና አዲስነቱን በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አቅራቢ፦ ደግሞ ማን ይመጣል ብለን እንጠይቅ። እዚህ ላይ ብዙ ዕቅድ ይሳሳታል።

ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። የወባ መድኃኒትም እዚያው በነጻ ይሰጣል። እንግዲህ «ወባ ብዙ ነው፣ ገቢው ከዚያ ይመጣል» ያለ ሰው በነጻ ከሚሰጥ ጋር ነው የሚወዳደረው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። በ2003 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከነዚያ አንዱ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ነበር። ዛሬ መድኑ ብዙ ገበሬ ቤት ገብቷል። መድን ያለው ሰው ካርዱን ይዞ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ነው። የዓመት መዋጮውን አንዴ ከፍሏልና ለግል ክሊኒክ እንደገና የሚከፍልበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ወረፋ። በገበያ ቀን ሸጦ ገዝቶ እግረ መንገዱን መታየት የሚፈልግ ሰው። ማታና እሑድ። የላቦራቶሪ ውጤት በዚያው ቀን ማግኘት። መድን የሌለው ነጋዴ፣ ሹፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ። መካነ ሰላም ላይ ከሆናችሁ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ግን ሆስፒታሉም እዚያው ነው። ወግዲ ላይ ደግሞ ሰው ለቀላል ምርመራ መካነ ሰላም ወይም ደሴ ድረስ የሚያወጣው የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ አለ። እናንተ የምታስቀሩለት ያንን ነው። እስቲ ሁለት የገበያ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሰዉ ለምን ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ ጠይቁ። መሣሪያውን የምትመርጡት በመልሱ ነው።

እዚህ ላይ አልትራሳውንዱን አነሳዋለሁ። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መሣሪያ ሻጮቹ ዘንድ ሲያዩት ያምራል። ግን ማን ያነበዋል? የሠለጠነ ባለሙያ ደመወዙ ስንት ነው? ቢበላሽ ጠጋኙ ከየት ይመጣል? መልስ ከሌላችሁ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ።

መድኃኒት ሽያጭንም ከገቢው ዝርዝር ላይ አውጡት። ክሊኒክ ለድንገተኛ የሚያስፈልገውን ይይዛል እንጂ መድኃኒት ቤት አይደለም። መድኃኒት ቤት የራሱ ፈቃድና የራሱ ባለሙያ አለው።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል። ሪኤጀንቱም መሣሪያውም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። በአምናው ዋጋ በጀት የያዘ ሰው ዘንድሮ ሱቁ በር ላይ ይደነግጣል። በተጨማሪም በእኛ በኩል መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ የተወሰነ ወር የሚያስኬድ ጓንትና ሪኤጀንት መደርደሪያ ላይ ይኑር። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ግን እያያችሁ።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

አቅራቢ፦ አሁን ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ብዙዎቻችን ዛሬም «አብቁተ» እያልን ወደምንጠራው፣ አሁን ፀደይ ባንክ ወደሆነው ትሄዳላችሁ፤ ወይም ወደ ንግድ ባንክ። መያዣ ይጠየቃል። መያዣው የቤት ካርታ ከሆነ ባለቤታችሁ ይወቁት፤ ቤቱ የሁለታችሁ ነው። ብዙ ሰው የወለዱን መጠን ብቻ ይጠይቃል። እናንተ ግን ሌላም ጠይቁ፦ «የእፎይታ ጊዜ አለው ወይ?» ሰባቱን ጎዶሎ ወራት አስታውሱ። ክፍያው ከመጀመሪያው ወር ከጀመረ ጎዶሎው ላይ ሌላ ጎዶሎ ይደረብበታል።

ወለድ በሃይማኖታችን አይፈቀድም የምትሉ አድማጮቻችን ብዙ ናችሁ። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ነው፤ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር የሚለው ክፍል አለው። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ መሣሪያውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ነግሯችሁ በክፍያ ይሸጥላችኋል። ለማይክሮስኮፕ ይመቻል። ለደመወዝና ለኪራይ ግን አይሆንም፤ ስለዚህ የሥራ ማስኬጃውን ከራሳችሁ ቁጠባ፣ መሣሪያውን ከባንክ ብታደርጉት ይሻላል። ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ቁጠባውን በመሣሪያ ይጨርስና ለደመወዝ ሊበደር ይሄዳል። ለደመወዝ ማን ያበድራል?

ግብርን በሚመለከት አንድ ስሕተት ላርም። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ነው። «ተጨማሪ እሴት ታክስ የለብንም» ማለት ግን «ግብር የለብንም» ማለት አይደለም፤ የትርፍ ግብር አለ። መዝገብ ያልያዘ ሰው በግምት ይቆረጥበታል፤ ግምት ደግሞ ያን የዱቤ መዝገብ አያውቅም።

በመጨረሻ የእህትየውን ገንዘብ እናንሳ። ከሳውዲ የምትልከው ብር ስጦታ ነው? ብድር ነው? ድርሻ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቅም። «የወንድሜ ነው» ትላለች፣ «የእህቴ ነው» ይላል። በሦስተኛው ዓመት ጠቅልላ ስትመለስ እሷ ባለድርሻ ነኝ ብላ ትመጣለች፤ እሱ ያበደረችውን ሊመልስላት ተዘጋጅቷል። ሁለቱም አልዋሹም። ብድር ከሆነ መቼ፣ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይጻፍ። ድርሻ ከሆነ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ኪሳራ ቢመጣ እንዴት እንደሚካፈሉት፣ ዶክተሩ ለሥራው በወር ስንት እንደሚከፈለው ይጻፍ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምም ይቻላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ በስልክ ላኩላትና አንብባ «እሺ» ትበል። ብሩ ከዚያ በኋላ ይላክ።

ለሳምንቱ የግል መድኃኒት ቤት የሚከፍቱ ሰዎችን ሂሳብ ይዘን እንጠብቃችኋለን። ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያ ጻፉልን። ደህና ሰንብቱ።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ያበቃል)